ጣሪያ ላይ የፈሰሰ ቅናት

ሳቁ ከላይ፣ ከጣሪያው መጣ። መጀመሪያ የእሱ፣ ወፍራሙና ቆጠብ ያለው፤ ቀጥሎ የእሷ፣ ልጓም የሌለው። ደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተቃጠለ ካውያ ፈታታ የተቀመጠችው ሴት ካቻቢቴዋን አስቀመጠችና ጆሮዋን አቆመች። ቃላቱ እዚህ ድረስ አይለዩም። ሳቅ ግን ይለያል።

«የድንች ልጣጭ ምን ያስቃል?» አለች ለራሷ።

ህንጻው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ፊውዝ» ነው የሚላት። አንድም ከስቶቭ እስከ ቬንትሌተር የተበላሸውን ሁሉ ስለምትጠግን ነው፤ አንድም ቶሎ ስለምትቃጠል። አባቷ የዚሁ ህንጻ ዘበኛ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ከበሩ አጠገብ ካለችው ክፍል አልተነሡም። እሷም እዚያው አድጋ፣ ሙያ ተምራ፣ ደረጃው ሥር ሱቅ ከፈተች። ከላይ የሚስቀው ሰውዬ ደግሞ የህንጻው ባለቤት የእትዬ አንድ ልጅ ነው። የውሃ መሐንዲስ ስለሆነ «ኢንጂነሩ» ይሉታል። ልጅ ሳሉ በአንድ ግቢ ኳስ ተራግጠዋል። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን እሱ ሽቅብ ወደ አምስተኛ ፎቅ፣ እሷ ወደ በሩ ክፍል ነበር የሚገቡት።

ሁለቱን ያገናኛቸው ቆሻሻ ነው ቢባል ማን ያምናል? ባለፈው ዓመት የቆሻሻ መኪናው መምጣት አቆመ። መድፊያው ሞልቷል ተባለ። በሩ አጠገብ የከረጢት ተራራ ተቆለለ፤ ዝንቡ ሌላ፣ ሽታው ሌላ፣ ጭቅጭቁ ሌላ። የሁለተኛ ፎቅ ሰው የሦስተኛ ፎቅን ከረጢት በእግሩ እየገፋ «ይሄ የእናንተ ነው» ሲል፣ የሦስተኛ ፎቅ ሰው መልሶ ሲገፋ ከረጢቱ ራሱ መሄጃ ጠፋው። ያኔ ኢንጂነሩ ጓንት አጥልቆ ወረደና ተንበርክኮ ከረጢቶቹን ይፈታ ጀመር። ፊውዝ ከሱቋ ወጥታ አጠገቡ ተንበረከከች።

አብዛኛው ልጣጭና የምግብ ትራፊ ነበር። የቀረው ጠርሙስ፣ ፌስታልና ትንሽ ቢነካኩት የሚሠራ ዕቃ።

«አየሽ?» አላት። «የግማሹን ግማሽ እንኳ መጣል አልነበረብንም።»

«አንተ የአምስተኛ ፎቅ ልጅ፣ ቆሻሻ ውስጥ ገብተህ ገና ሰው መሰልክ» አለችው።

ሳቀ። ዓይኑ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ። እሷም ዓይኗን ከእሱ አላነሣችም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ የህንጻው ልማድ ሆነ። እያንዳንዱ ቤት ክዳን ያለው ባልዲ አስቀመጠ፤ ልጣጩ ጣሪያ ላይ ወደተደረደሩት በርሜሎች ሄዶ ማዳበሪያ ይሆናል። አሮጌ መጋረጃ እየተቀደደ የገበያ ቦርሳ ተሰፋበት። ፈሳሽ ሳሙና የሚገዛ ባዶ ጠርሙሱን ይዞ ይወርዳል። ጎመን የታጠበበት ውሃ በረንዳ ላይ ያለ አበባ ያጠጣል። በሩ ላይም ኢንጂነሩ በራሱ እጅ «ከመጣልዎ በፊት ፊውዝን ይጠይቁ!» ብሎ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ፣ ቀለም በነካው እጁ እጇን ያዘ።

«ለእማዬ እነግራታለሁ» አላት። «ትንሽ ጊዜ ብቻ ስጪኝ።»

ሰጠችው። ጊዜው ግን እንደ ላስቲክ ተለጠጠ።

በዚህ መሃል አራተኛ ፎቅ አንዲት ሴት ተከራየች። የአፈር ባለሙያ ናት። ረጋ ያለ አነጋገር፣ አጭር የተቆረጠ ጥፍር፣ ሰው ስታይ ከውስጥ የሚመጣ ፈገግታ። ጣሪያ ላይ ወጥታ በርሜሎቹን ካየች በኋላ «ትል ያስፈልጋችኋል፤ ልጣጩን ቶሎ ያበስለዋል» አለች። በማግስቱ ሳጥን ሙሉ ቀያይ ትሎች ይዛ መጣች። በርሜሎቹ ሥር ትናንሽ ቀዳዳ አበጀች፤ ሽታው ጠፋ፤ አፈሩ ጠቆረ። ሰው ሁሉ ተደሰተ። ከአንዲት ሴት በቀር።

«ሌላዋ ሽቶ ተቀብታ ትመጣለች» አለች ፊውዝ ለአባቷ፣ ማታ ሻይ እየጠጡ። «ይቺ ትል ይዛ መጥታ ወንድ ትወስዳለች!»

«እናቴ፣ ማን ተወሰደ? ጠይቂው እንጂ» አሉ አባባ። «ጠያቂ መንገድ አይስትም።»

«ምን ቆርጦኝ ነው የምጠይቀው!»

ኩራቷ አፏን ዘጋው። ዓይኗን ግን የሚዘጋላት አልተገኘም። ኢንጂነሩ ጠዋት ሱቋ ደጃፍ ላይ ቆም ሲል ጥፍሩ ውስጥ ያለውን አፈር ታያለች። «ባለሙያዋ እኮ እንዲህ አለችኝ» ብሎ ሲጀምር ድምፁ ውስጥ ያለውን ሙቀት ትለካለች። አንድ ቀን የእትዬን ቬንትሌተር ጠግና አምስተኛ ፎቅ ስታደርስ፣ እትዬ በመስኮት ወደ ጣሪያው ደረጃ እያዩ «ሲያምሩ!» አሏት። «ሁለቱም የተማሩ፣ ሁለቱም ትሁት። አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ? አይመቻቹም?»

«ይመቻቻሉ እትዬ» አለች።

ደረጃውን ስትወርድ ቆሽቷ አርሮ፣ እግሯ የት እንደሚረግጥ አታውቅም ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ ረፋድ፣ የላላ የጣሪያ መብራት ልታጠብቅ መሰላል ይዛ ወጣች። የብረቱን በር ከመግፋቷ በፊት ድምፃቸውን ሰማች። በስንጥቁ አየች። ባለሙያዋ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብላለች፤ እሱ አካፋውን ተደግፎ ቆሟል። ጉንጩ ላይ ጭቃ ነበረ። ሴትየዋ ቀና ስትል አየችው፤ እጅጌዋን ሰብሰብ አድርጋ ጠረገችለት።

«ለእናትህ ንገራቸው» አለችው። «እስከ መቼ ነው እንደ ሌባ ተደባብቆ የሚኖረው? ሴት ልጅ ይሰለቻታል።»

«እውነትሽን ነው» አለ እሱ። «እሁድ እነግራታለሁ። እግዜር ያውቃል፣ እሁድ።»

ፊውዝ መብራቱንም መሰላሉንም እዚያው ትታ ወረደች። ሱቋን ዘግታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ያለቀሰች መስሏት ጉንጯን ብትነካው ደረቅ ነው። እንባ እንኳ አልመጣላትም። ስንት ወር ሙሉ እሷ የጠበቀችው እሁድ፣ ለሌላ ሴት በአንድ ረፋድ ተሰጠ።

በማግስቱ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሄዶ ህንጻው ፀጥ ሲል፣ ለወለል ማጽጃ ያስቀመጠችውን በረኪና አንሥታ ወጣች። የምታደርገውን አላሰበችም ብንል ውሸት ይሆናል። አስባለች። ደረጃውን እየወጣች በእያንዳንዱ ፎቅ «ተመለሺ» የሚል ድምፅ ሰምታለች። የመጀመሪያውን በርሜል ክዳን ስታነሣ አፈሩ ሞቅ ያለ፣ ዝናብ የነካው ሜዳ የሚሸት ነበር። ትሎቹ ከብርሃኑ ሽሽት ወደ ውስጥ ተሽሎከለኩ። ደፋችባቸው። ሁለተኛው ላይ ደፋች፤ ሦስተኛውም ላይ። ጠርሙሱ ከእጇ አዳልጦ ሲወድቅ ሰማያዊ ቱታዋ ላይ ተረጨ። ስትወርድ ቀለል ይለኛል ብላ ነበር። አልቀለላትም።

ቀናት ሳይቆጠሩ ጣሪያው ገማ። ትሎቹ ነጥተው ሞቱ፤ ልጣጩ መብሰሉን ትቶ በሰበሰ፤ ዝንቡ ከበፊቱ ብሶ መጣ። ሰው ባልዲውን ወደ ላይ ማውጣት ተወና ከረጢቱን እንደገና በሩ ላይ መጣል ጀመረ። የሦስተኛ ፎቋ ፀጉር ሠሪ ልጇ ሆዱን ሲታመም «የትሏ ነገር ነው!» ብላ ደረጃው ላይ ጮኸች። ፊውዝ ሱቋ ውስጥ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ቱታዋን ደጋግማ አጥባዋለች፤ በረኪና የነካው ግን ነጭ ነጭ ሆኖ ቀረ። ሌላ ቱታ ደግሞ አልነበራትም።

እሁድ ከሰዓት ነዋሪው ወንበር ወንበሩን ይዞ ግቢ ወረደ። እትዬ ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ መጥተው መሃል ተቀመጡ። ኢንጂነሩ ከኋላቸው ቆመ፤ ፊቱ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው። አባባ ከበሩ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ፊውዝ ሱቋ ደጃፍ ላይ፣ ግማሽ ውስጥ ግማሽ ውጪ ሆና ቆመች።

«ልጄን ደስ ካለው ብዬ ዝም አልኩ» አሉ እትዬ። «አሁን ግን ጣሪያዬ ገማ፣ ልጅ ታመመ፣ ደጃፌ ላይ ከረጢት ተከመረ። ነገ በርሜሎቹ ይውረዱ። ግን ከዚያ በፊት እንዲያው ልወቅ፤ ጥፋቱ የማነው?»

«ትል ያመጣ ሰው ነዋ!» አለች ፀጉር ሠሪዋ። ብዙ ራስ ነቀነቀ።

ባለሙያዋ ብድግ አለች። ለአፍታ ግቢውን በዓይኗ ዞረችው፤ ዓይኗ መጥቶ ፊውዝ ላይ ቆመ። ከፊቷ ወደ ቱታዋ ወረደ፤ ነጫጮቹ ነጠብጣቦች ላይ አረፈ። አፈር አሽትታ የምታውቅ ሴት በረኪና አይጠፋትም። «አሁን ልታጋልጠኝ ነው» አለች በሆዷ፤ ከሁሉም በላይ የገረማት ደግሞ እንድታጋልጣት መፈለጓ ነው። ቢያንስ እሷን የምትጠላበት ምክንያት ይገኛል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ባለሙያዋ። «ውሃ አብዝቼባቸዋለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ግቢው ማጉረምረም ጀመረ። «ድሮም ብለን ነበር» አለ አንዱ። «ጣሪያው ላይ እንዳትወጣ!» አለ ሌላው። ሴትየዋ እጇን አጣምራ፣ ሁሉንም ዝም ብላ ተቀበለች። ኢንጂነሩ በአድናቆትና በሐዘን ሲያያት ፊውዝ አየች። ከሁሉም ያቃጠላት ያ አስተያየት ነው። ቆንጆ ብቻ ብትሆን ይቻል ነበር፤ የተማረች ብቻ ብትሆንም ይቻል ነበር። ደግ ከሆነች ግን ምን ይቀራል? አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ ዝም ብላ ካየች፣ ያን ወንድ ለዚያች ሴት በገዛ እጇ ሰጠችው ማለት አይደል?

«ውሸቷን ነው!»

ሁሉም ዞሩ። ፊውዝ ከሱቋ ወጥታ መሃል ቆማለች።

«ውሸቷን ነው። እኔ ነኝ። በረኪና የደፋሁት እኔ ነኝ።»

እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉት።

«አንቺ? ይሄን ነገር ከልጄ ጋር የጀመርሽው አንቺ? ለምን?»

«ቀንቼ።»

«በማን ቀናሽ?»

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ግን ያ መልስ የእሷ ብቻ አልነበረም። ቀና ብላ እሱን አየችው። ጫማውን እያየ ነው። ግቢ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ይዞ እሷን ያያል፤ እሷ እሱን ታያለች፤ እሱ ጫማውን። በዚያች ቅጽበት ፍቅሯ እንደ መሬት ከእግሯ ሥር ሲከዳት ተሰማት።

«በእኔ ነው» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «በእኔ ነው የቀናችው፣ እማዬ። እወዳታለሁ። ከዓመት በላይ ሆነን። ዛሬ ልነግርሽ ነበር።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ አባባ ከወንበራቸው። አንዳንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ። እትዬ ተነሥተው ነበርና።

ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ይሄ ሁሉ ሰው ያውቅ ነበር?» ብለው ግቢውን ጠየቁ። ብዙ ዓይን መሬት ፈለገ። እትዬ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ዘበኛው ያውቃል፤ ተከራዩ ያውቃል፤ እኔ እናትህ፣ ከሁሉም በኋላ። ይቺ ልጅ ሰው ፊት ቆማ ጥፋቷን ተናገረች። አንተ ፍቅርህን መናገር አቃተህ። ከሁለታችሁ ያፈርኩት በአንተ ነው።»

ለመሄድ ዞር አሉና ፊውዝ አጠገብ ቆሙ። «በርሜሎቹን ታጸጃቸዋለሽ። ትሉንም ትተኪያለሽ። አንቺን ደግሞ ገና አልወደድኩሽም።»

«እሺ እትዬ» አለች። ደረጃውን ሲወጡ የነጠላ ጫማቸው ድምፅ ለረጅም ጊዜ ተሰማ። ፊውዝ «ገና» የሚለውን ቃል ብቻ ይዛ ቀረች። ተስፋ ይሁን ስድብ መለየት አቃታት።

ሰው ሲበተን ኢንጂነሩ ሱቋ ድረስ ተከትሏት መጣ።

«ይቅር በይኝ» አላት።

«ጉንጭህን ስትጠርግልህ አይቻለሁ። ‹ለእናትህ ንገራቸው› ስትልህም ሰምቻለሁ።»

«ስለ አንቺ እኮ ነው የምትነግረኝ! ‹ያቺን ልጅ እስከ መቼ ትደብቃታለህ› እያለች ነው የጨቀጨቀችኝ።»

ይህን ስትሰማ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ለአፍታም ደስ አላት። ወዲያው ግን አዲስ እሾህ ወጋት።

«ስለ እኔ ለእሷ ነገርካት?»

«አዎ።»

«ለእናትህ ያልነገርከውን? እኔ ስንት ወር ሆዴ ይፍጀው ብዬ የያዝኩትን? አቀፍካት ብትለኝ ይሻለኝ ነበር! እቅፍ ይረሳል። አንተ ግን እኔን፣ ስሜን፣ ፍርሃትህን ሁሉ ወስደህ እሷ ፊት ዘረገፍክ። እኔ ደጃፍ ላይ ስትደርስ ግን ወሬህ ስለ ልጣጭ ነበር።»

ሱቋ ውስጥ ካለው አንድ በርጩማ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ፈሪ ነኝ» አለ። «ከእሷ ጋር ስሆን መናገር ይቀለኛል፤ የማጣው ነገር የለምና። ካንቺ ጋር ግን…»

እጇ ወደ ፀጉሩ ሄደ። ሳይነካው ተመለሰ። «ዛሬ ሂድ» አለችው። «ዛሬ ካየሁህ እንደገና እቃጠላለሁ።» ሲወጣ ጀርባውን እስኪሰወር ተከተለችው፤ እንዲዞር እየተመኘች፣ ቢዞር እንደምትናደድም እያወቀች።

በማግስቱ ጠዋት አካፋና ባልዲ ይዛ ጣሪያ ወጣች። ባለሙያዋ ቀድማት መጥታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ከመጀመሪያው በርሜል የበሰበሰውን እየዛቀች ነበር። ሰላምታ ተለዋወጡና ጎን ለጎን ሠሩ። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፤ ለማልቀስ ጥሩ ምክንያት ነበር፣ ግን ሁለቱም አላለቀሱም።

«ቱታዬን አይተሽ ነበር» አለች ፊውዝ በመጨረሻ። «ለምን ዝም አልሽ? ለምን በእኔ ፈንታ ተሰደብሽ?»

ባለሙያዋ አካፋዋን አቆመች። «ልናገር ነበር የተነሣሁት» አለች። «አፌን ስከፍት ግን ራሴን ጠረጠርኩ። ይቺን ሴት የማጋልጣት ለትሎቹ ብዬ ነው ወይስ…» ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «እኔም ድንጋይ አይደለሁም። ስለ አንቺ ሲያወራ መስማት ደስ ይለኝ ነበር። ስለ አንቺ ስለሆነ ሳይሆን፣ እሱ ስለሚያወራው። ‹ለእናትህ ንገራቸው› እያልኩ ስጨቀጭቀው አንዳንዴ እንዳይነግራቸው እመኝ ነበር።»

ፊውዝ ትኩር ብላ አየቻት። ቁጣዋ መምጣት ነበረበት፤ ጠበቀችው። በምትኩ የመጣው እፎይታ ነው። እንግዲያው አላበደችም። በዚያ ሳቅ ውስጥ የሆነ ነገር ሰምታለች፤ የሰማችውም እውነት ነበር። ወዲያውም አዘነችላት፤ ማዘኗም ደግሞ አበሳጫት።

«ታዲያ አሁንስ?» አለች።

«አሁን ትል እናምጣ» አለች ባለሙያዋ። «ሌላው ያልፋል።»

የብረቱ በር ሲጥጥ አለ። ኢንጂነሩ ነው። አካፋ ይዟል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ሌሊቱን ሙሉ ከእናቱ ጋር ሲነጋገር እንዳደረ ፊቱ ይናገራል፤ በጎ ይሁን ክፉ ግን አይናገርም። ባለሙያዋ ድምፁን ስትሰማ ጀርባዋን ሰጥታ በርሜሉ ውስጥ አጎነበሰች፤ አፈሩ ውስጥ የጠፋባት ነገር ያለ ይመስል። ለምን እንዳጎነበሰች ፊውዝ ብቻ ገባት።

እሱ መሃላቸው መጥቶ ቆመ። በርሜሎቹን አንድ በአንድ አየ፤ ሁለቱንም ሴቶች ለማየት አልደፈረም።

«ማንን ላግዝ?» አለ።

ያጎነበሰችው ሴት እጅ ለአፍታ ቆመ። ፊውዝ ያንን አየች። ደግነቷ ትዝ አላት፤ ትናንት በእሷ ፈንታ የተቀበለችው ስድብ ትዝ አላት፤ ዛሬ አንድ ቀን እሱን ብትተውላት ምን ነበረበት?

«እኔን!» አለች ፊውዝ። ድምፁ ከአፏ የወጣው ሐሳቧን ሳትጨርስ ነው፤ ጣሪያው ላይ ሁሉ ጮኸ። ፊቷ ጋለ፤ አፈረች። ግን ቃሉን አልመለሰችውም።